ስለ ጥርስ ሕመም፤ መንጋጋዬ እንዳስተማረኝ



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት የጥርስ ነገር ዐዋቂ ሆኜ እንዳይደለ ለመግለጽ እወዳለሁ። እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት አንድ የታችኛው መንጋጋዬ እንቅልፍ ነሥቶኝ ከረመ። ትምህርት በተከፈተ ጊዜም የጉንጬ እብጠት ገና አልጎደለም ነበርና የባዮሎጂ መምህራችን ባዩኝ ጊዜ «ያገኘህን ሁሉ ከነምክንያቱ አጥንተህ ለመጽሔታችን ጻፍ፤ ይህን ያህል ታመህ በከንቱ አይቅር» አሉኝ። እንግዲህ የሚከተለው በእርሳቸው ትእዛዝ የተጻፈ ነው። ስለ ድድና ስለ ጉጠት ማንበብ የሚያንገፈግፈው ሰው ቢኖር ወደሚቀጥለው ገጽ ቢያልፍ አልቀየመውም።

እኛ የምንኖርበት የጦር ኃይሎች ሰፈር በስሙ የሚጠራ ሆስፒታል ያለበት ነው። ከቤታችን ወጥቶ እስከ አደባባዩ የሚሄድ ሰው ነጭ ጥርስ የተሣለበት የክሊኒክ ሰሌዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያይ አያልፍም። ስለዚህ ሐኪም አጥቼ ነው ብዬ ለማመካኘት አልችልም። ያጣሁት ድፍረት ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ሲሆን፣ በበረሃ ሳለ ጓደኛው መንጋጋውን በጉጠት የነቀለለትን ታሪክ በበዓል ቀን ለእንግዳ ማጫወት ይወዳል። እንግዳው ይሥቃል፤ እኔ ግን ገና ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ጉጠት በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር።

የጥርሴ ሕመም የጀመረው በሕመም አይደለም። 9ኛ ክፍል ሳለሁ በመስተዋት ስመለከት በመንጋጋዬ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አየሁ። ስላላመመኝ ተውኋት። በዓመቱ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ትጠዘጥዘኝ ጀመር፤ በሌላው ጎን መጠጣት ለመድሁ። ከዚያም ትኩስ ሻይ አልስማማት አለ። በመጨረሻ ያለ ምንም ምክንያት፣ ይልቁንም ጋደም ስል፣ በጆሮዬ በኩል እስከ ጭንቅላቴ ድረስ ይወጋኝ ጀመር። ይህን ሁሉ ለማንም ሳልናገር ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት፤ ሰው ሌላውን ሕመም ጥርሱን ነክሶ ይችላል፣ የጥርስን ሕመም ግን በምን ነክሶ እንደሚችለው ገና አልገባኝም።

ይህ የሕመም ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የሚሆን አለመሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ጥርስ አጥንት ይመስለናል እንጂ አጥንት አይደለም። ከላይ የሚታየው ነጩ ሽፋን ኢናሜል ይባላል፤ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው። ስሜት ግን የለውም። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች የበላነውን ስኳር ሲመገቡ አሲድ ያወጣሉ፤ ያ አሲድ ኢናሜሉን ቀስ በቀስ ይሟሟዋል። ምራቃችን የሟሟውን መልሶ ለመጠገን ይታገላል፤ ሆኖም በየሰዓቱ ጣፋጭ ለሚቀምስ ሰው የመጠገኛ ጊዜ አያገኝም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከረሜላ ከመብላት ይልቅ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ መምጠጥ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው። ነጥቧ ሳታመኝ የቆየችው እንግዲህ ስሜት በሌለው ሽፋን ላይ ስለ ነበረች ነው።

ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን የተባለው ክፍል ይገኛል፤ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ቧንቧዎች ስላሉበት ብርዱንና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ከሁሉ ውስጥ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር የሚገኝበት ለስላሳ ሥጋ አለ። መጥፎው ነገር እዚህ ላይ ነው። እግራችን ቢመታ ያብጣል፤ ቆዳው ስለሚለጠጥ ለእብጠቱ ስፍራ ይገኛል። የጥርስ ውስጠኛው ሥጋ ግን ዙሪያውን እንደ ድንጋይ በጠነከረ ግድግዳ የተከበበ ነውና ሲቈጣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የራሱን ነርቭ ይጨቁናል። ሰው ሲተኛ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚበረታ ጭቆናው ሌሊት ይብሳል። አያቴ «የጥርስ ሕመም ከጅብ ጋር ይወጣል» የምትለው ያለ ነገር አልነበረም።

አያቴ ሕመሜን ያወቀችው እኩለ ሌሊት ላይ በጓዳ ስንጎራደድ አግኝታኝ ነው። እርስዋ በልጅነቷ ድድዋን የተነቀሰች፣ እስከ ዛሬም ጥቁር ድድ ያላት የገጠር ሰው ናት። በመጀመሪያ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ጥቂት አሳረፈኝ። በቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል የሚያደነዝዝ ዘይት እንዳለና የጥርስ ሐኪሞችም እስከ ዛሬ በመድኃኒታቸው እንደሚጨምሩት ኋላ አነበብሁ። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ድዴን ልጦኝ ሌላ ሕመም ጨመረልኝ። ጎረቤታችን ደግሞ የአንቲባዮቲክ እንክብል ቀፎውን ከፍቼ ዱቄቱን በጥርሴ ቀዳዳ እንድጠቀጥቅ መከረችኝ፤ ይህም አልረባኝም። ይህን ልማድ ብዙ ሰው ስለሚያደርገው አንድ ቃል ልናገር፤ ዱቄቱ በቀዳዳ ቢጠቀጠቅ ከሥሩ ጫፍ ያለውን መግል አያገኘውም። ቴትራሳይክሊን የተባለው ዓይነት ደግሞ ለነፍሰ ጡር ሴት ወይም ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቢሰጥ በመብቀል ላይ ባሉት ጥርሶች ውስጥ ገብቶ የማይለቅ ቀለም ያስቀራል።

በሦስተኛው ቀን አያቴ «ይህ ትል ነው፤ ትሉ ካልወጣ አይለቅህም» ብላ የእምቧይ ፍሬ ዘር አመጣች። ፍም በገል አድርጋ፣ ገሉን ውሃ ባለበት ሳህን መካከል አስቀመጠችው። ዘሩን ፍሙ ላይ በትና ራሴን በነጠላ ሸፍና ጭሱን በአፌ እንድቀበል አዘዘችኝ። ዓይኔ እየነደደ፣ ምራቄ እየተዝረበረበ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ነጠላው ሲገለጥ እነሆ በውሃው ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ቅንጥብጣቢዎች፣ ቈልመም ቈልመም ያሉ፣ ይታያሉ። «አየኸው?» አለችኝ። እኔም አየሁት፤ በዚያችም ሌሊት ከወትሮው ይልቅ ደኅና ተኛሁ።

በማግሥቱ ሕመሙ ፈጽሞ ጠፋ። አያቴ ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም ያላወቅነው ነገር ቢኖር ጥርስ ብዙ ቀን አምሞ በድንገት ሲተው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ነው፤ ውስጠኛው ነርቭ ሞቷል፤ የሞተውም ሥጋ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት መግል ይሠራል። በአምስተኛው ቀን ጉንጬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ አፌን ከሁለት ጣት በላይ ለመክፈት ተሳነኝ።

ከዚህ በኋላ አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ። የተወሰድሁበትን ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ሰውዬው በዚህ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ነው ተብሎ ተነግሮልን ነበር፤ የእኔን ጥርስ ግን በሙሉ አልነቀለውም። መርፌ ወጋኝ፤ ጥቂት ጠብቆ «ደነዘዘህ?» አለኝ። «አልደነዘዘኝም» አልሁት። ሁለተኛ ወጋኝ። «አሁንስ?» አለኝ። ከንፈሬ ደንዝዟል፤ ጥርሴ ግን አልደነዘዘም። «ፈርተህ ነው እንጂ ደንዝዟል» አለና ጉጠቱን አስገባ። በዚያን ጊዜ የተሰማኝን ለመጻፍ ብሞክርም አልሆነልኝም። የወንበሩን እጀታ እንደ ያዝሁ ትዝ ይለኛል። አባቴ በበሩ አጠገብ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞሩም ትዝ ይለኛል። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጉጠቱ ከጥርሱ እኩሌታ ጋር ወጣ፤ ሥሮቹ ውስጥ ቀሩ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከዚያ ወዲህም የበረሃውን ጉጠት ታሪክ ሲያወራ አልሰማሁትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ስለ በረታብኝ ወደ ሌላ ሐኪም ተወሰድሁ። እኚህ የጥርስ ሐኪም ሴት ነበሩ። ከመንካታቸው በፊት ምራቅ መዋጥ፣ መተንፈስ እንደሚያስቸግረኝ ጠየቁኝ፤ ከአገጬ በታችም በጣታቸው ዳሰሱ። የታችኛው መንጋጋ መግል ከምላስ ሥር ወደ አንገት ከወረደ እብጠቱ የአየር ቧንቧ ዘግቶ ሰው ሊገድል እንደሚችል የነገሩኝ ከዳንሁ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ሥሩን አልነቀሉትም። ድዴን በጥቂቱ ከፍተው መግሉን አፈሰሱልኝ፤ የሚዋጥ መድኃኒት አዝዘው ቀጠሩኝ።

በቀጠሮዬ ቀን እየተንቀጠቀጥሁ «መርፌው እኔን አይዘኝም» ብዬ ነገርኋቸው። ሐኪሟም «ፈሪ ስለሆንህ አይደለም» አሉኝ። ይህችን ቃል በሰማሁ ጊዜ ዕንባዬ መጣ፤ ለምን እንደ መጣ አላውቅም። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የማደንዘዣው መድኃኒት ሥራውን የሚሠራው በነርቩ ሽፋን ዘልቆ ሲገባ ነው፤ መግል የቋጠረና የተቈጣ ሥጋ ግን አሲድ ስለሚበዛበት መድኃኒቱ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ስለዚህ እብጠቱ ሳይበርድ ቢወጋ ብዙ ጊዜ በደንብ አይዝም። አሁን እብጠቱ ስለ ጎደለ ይይዛል አሉኝ። እውነትም ያዘ። የቀሩትን ሁለት ሥሮች ሲያወጡ ግፊት እንጂ ሕመም አልተሰማኝም። «ጨረስን» ሲሉኝ ገና የጀመሩ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማደንዘዣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህን የመሰለ ጸጋ ለሰው ልጅ በማምጣት ረገድ የጥርስ ሐኪሞች ቀዳሚዎች ናቸው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. ሆራስ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የሚያሥቅ ጋዝ የሚሉትን ስቦ የገዛ ጥርሱን በጓደኛው አስነቀለ፤ አላመመውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት ሊያሳይ ሲሞክር ግን ታካሚው ስለ ጮኸ ተመልካቾቹ አፌዙበት። በ1846 ዓ.ም. ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሞርተን በዚያው ከተማ በኤተር አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ያለ ጩኸት እንዲፈጸም አደረገ። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንወጋው ሊዶኬይን የተባለው መድኃኒት በስዊድን አገር በ1943 ዓ.ም. በኒልስ ሎፍግሬን የተሠራ ነው። እንግዲህ ዓለም ጥርሱን ያለ ሕመም ማስነቀል ከጀመረ 200 ዓመት አልሞላውም። እኔ በመጀመሪያው ወንበር ላይ የቆየሁት ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ነበር ማለት ነው።

ሐኪሟ ሥሩን ካወጡ በኋላ አፌን ዞር እያደረጉ ሲመለከቱ «ሕፃን ሳለህ ጥርስህን ነቅለውሃል?» ብለው ጠየቁኝ። የታችኛው ቀኝ ክራንቻዬ ከመጀመሪያው የለም፤ የግራው ደግሞ ጎባጣና ትንሽ ነው። እኔ እንዲሁ የተፈጠርሁ ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ እናቴን ብጠይቃት አንገቷን ደፋች። የ7 ወር ሕፃን ሳለሁ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞኝ ነበር። «ግግ ነው» ተባለ። አንዲት በዚህ ሙያ የታወቀች ሴት ተጠርታ መጥታ ድዴን በስለት ፈልቅቃ ገና ያልበቀሉትን ጥርሶች አወጣች። «ደምህ አልቆም ብሎ አድሬብሃለሁ» አለችኝ እናቴ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የጥርስ ሕመም፣ ምናልባትም የከፋው፣ ያ መሆኑ ነው፤ እኔ ግን አላስታውሰውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ልጅ 20 የወተት ጥርሶች ያበቅላል፤ በኋላም በ32 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብዙውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ሲወጡ ክራንቻዎቹ ግን ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ይወጣሉ። ስለዚህ በ6 ወይም በ7 ወር ሕፃን ድድ ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ነጣ ብሎ የሚታየው ጕብታ ጊዜውን የሚጠብቅ የክራንቻ እንቡጥ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው እርሱ አይደለም፤ ሕፃኑ በዚያው ዕድሜ መዳህ ስለሚጀምርና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያስገባ ተቅማጡና ጕብታው በአንድ ሰሞን ይገናኛሉ። ንጹሕ ባልሆነ ስለት ሲወጣ መድማትን፣ ቴታኖስን፣ ሌላም ተላላፊ በሽታ ያመጣል፤ ከሥሩ የተኛውንም የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ያበላሻል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ መንቀልን እንደ እንጥል መቁረጥ ከጎጂ ልማዶች ቈጥሮ በሕፃናት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ቅጣት ደንግጓል።

አሁን ወደ አያቴ ትል እመለሳለሁ። መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ «ሞክረህ እይ እንጂ አትከራከር» አሉኝ። እኔም እምቧዩን ከሜዳ ለቅሜ፣ ፍሙን በገል፣ ገሉን በሳህን ውሃ አድርጌ፣ ማንም ሰው አፉን ሳይከፍትበት ዘሩን በተንሁ። ጥቃቅኖቹ ነጫጭ ነገሮች እንደ ቀድሞው በውሃው ላይ ታዩ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ታዩ። ዘር የሌለበት ፍም ብቻ ሳደርግ ግን አንድም አልታየም። ከዚያም ያልተቃጠለውን ዘር በምላጭ ሰንጥቄ በማጉያ መስተዋት ብመለከት ያው ቈልመም ያለ ነጭ ነገር በውስጡ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ይኸውም የዘሩ ጽንስ፣ ቢዘራ ኖሮ ቡቃያ የሚሆነው ነው። እሳቱ ዘሩን ሲያፈነዳው ጽንሱ ተፈናጥሮ ውሃው ላይ ይወድቃል። በዚህ የተታለልነው እኛ ብቻ አይደለንም። የጥርስ ትል ነገር በጥንቷ ባቢሎን ተጽፎ ይገኛል። በኤውሮፓም የእምቧይ ዘመድ በሆነ ተክል ዘር ሲያጨሱ ኖረዋል። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በማጉያ ፈልጎ ትል እንዳላገኘ ገለጸ፤ አሜሪካዊው ሚለርም በ1890 ዓ.ም. እውነተኞቹ አጥፊዎች ከስኳር አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አስረዳ።

ሙከራውን በአያቴ ፊት ደገምሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ሳህኑን ተመለከተች። ከዚያ «እናቴም ይህንኑ ስታደርግ ኖራለች እኮ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔም እንዳሸነፈ ሰው መሆን አሳፈረኝና ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ስኳርን ካነሣሁ ዘንድ ስለ ወንጂ ጥቂት ልበል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር በየሻዩ ገባ። የሚገርመው ግን በዚያው በወንጂ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ ከዚያ የመጣ ነው፤ ሲሥቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ እኛም ባለማወቅ «አትፍቅም ወይ?» እንለው ነበር። ቢፍቅም አይለቅም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። ይህ ነገር በጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ስለዚህም በጥርስ ሳሙና ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያሳስባል፤ ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፣ እጅግ ሲበዛና ሲቈይ አጥንትንም ይጎዳል። እኛ ገፈርሳንና ለገዳዲን ከመሰሉ ግድቦች ስንጠጣ ላደግነው ይህ ችግር አልደረሰብንም፤ የእኛን ያበላሸነው ራሳችን ነን። ያን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የወይራ መፋቂያን በተመለከተም በደንብ ከተፋቀበት ከብሩሽ የሚያንስ አይመስለኝም፤ እኛ ግን የፊት ጥርሳችንን ብቻ እየፋቅን መንጋጋውን እንረሳለን። ወላጆች ደግሞ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት ገደማ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ በኩል ብቅ እንደሚል ቢያውቁት መልካም ነው። ብዙዎች የወተት ጥርስ መስሏቸው «ይወልቃል» እያሉ ይተውታል። የእኔም የተነቀለው እርሱ ነበር።

ይህን ጽሑፍ በዚህ ላይ ልጨርሰው አስቤ ሳለ በታኅሣሥ ወር የእኅቴ ልጅ፣ የ7 ወር ሕፃን፣ ተቅማጥና ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ጎደጎደ፤ ጡት እንቢ አለች። አንዲት ጎረቤታችን ድድዋን ገልጠው አዩና «ይኸው ግጉ ነጥቶ ይታያል፤ የሚያወጣ ሰው ዐውቃለሁ፤ ሳይመሽ ትጠራ» አሉ። እኅቴ ታለቅሳለች። እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ ልናገር አፌን ብከፍትም በታላላቆች መካከል ድምፄ አልወጣ አለ። በዚህ ጊዜ አያቴ ከመደቡ ላይ ሆና «ያለ ጥርስ ትል ያወጣኸው ልጅ፣ ይህንንስ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

አፌን ከፍቼ የሌለውን ክራንቻዬን በጣቴ አሳየኋት። «ይህ ነው የእኔ ግግ» አልኋት።

አያቴ ነጠላዋን አጣፋች። ለጎረቤታችን «እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ፤ ሰዉ አይጠራ» ብላ ሕፃኒቱን ራሷ አዘለቻት። እኔና እኅቴ ተከትለናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጠን በማንኪያ በማንኪያ እንድንሰጣት፣ ጡትም እንዳናቋርጥባት አሳዩን፤ ዚንክም ታዘዘላት። ሌሊቱን ተራ በተራ እየተነሣን አጠጣናት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ተመለሰ።

በጥር ወር በታችኛው ድድዋ ላይ ሁለት እንደ ሩዝ ያሉ ጥርሶች ብቅ አሉ። እውነት መውጣታቸውን ለማረጋገጥ ጣቴን ባስገባ ነክሳ ያዘችኝ፤ እኔም ጮኽሁ። አያቴ ጥቁር ድድዋ እስኪታይ ድረስ ሣቀች።